የወለላ ቆብ

ወለላ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ስታድል፣ ጋቢዋን ለአንዲት ችግረኛ ስትሰጥ፣ በማሳ ድንበር የተጣላቻት ሴት እግር ላይ ወድቃ ይቅር በይኝ ስትል፣ አገሩ ሁሉ በአንድ አፍ «ልትመነኩስ ነው» አለ። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤልም ሰምተው መረቋት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ልጆቿን መጠለያ ውስጥ ቀብራለች። ባሏን የሻውን ከዚያው ከመጠለያው ለሰፈራ በመኪና ጭነው ወስደውታል፤ የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ገብታ ብትጸልይ ምን ይገርማል? እኔም የየሻው እህት ነኝና ደስ አለኝ፤ ከደህናው ቀሚሴ ቀድጄ ቆብ ሰፋሁላት።

ስወስድላት መደቡ ላይ ተቀምጣ በበሩ ገብሱን ታያለች። ክረምቱ በደንብ ዘንቦ ማሳው አምሮበታል። ቆቡን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ይሄ ለምኔ ነው?» አለችኝ።

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ዓይኗን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም፤ ስለ ምንኩስና ጨርሶ አላሰበችም። ታዲያ ያን ሁሉ የሰጠችው ለምንድን ነው? ያኔ ገባኝ። ነገር ማለባበስ ደግሞ አልችልበትም።

«ወለላ፣ ራስሽን ልታጠፊ ነው?»

«አዎ» አለች፣ ውኃ ልትቀዳ እንደምትወርድ ሰው።

ንዴቴ መጣ። ኩነኔውን፣ ፍትሐት መከልከሉን፣ ስንቱ ከሷ የባሰ አይቶ እንደሚኖር ልዘረግፍባት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«ዝናቡ አምና ቢመጣ ምን ነበረበት? ገብሱን ባየሁት ቁጥር ልጄ ጥሩሰው ይበላው ነበር እላለሁ። ደክሞኛል፣ ባንችዬ።»

ስብከቴን ዋጥኩት። ለልጆቹ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም። መጠለያው ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ማን ለማን ያለቅሳል? ቀብረናቸው ስንዴ ልንቀበል ተሰለፍን። ከተመለስን ወዲህም እንዳይከፋት ብለን ስማቸውን በፊቷ አናነሳም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና የጥሩሰውን ስም ጠራሁ፣ ቀጥሎም የፀሐይቱን። ፀሐይቱ ስታኮርፍ ከበሩ ኋላ እንደምትደበቅ፣ እንድንፈልጋት ደግሞ እንደምታስል አነሳሁ። ከወለላ ሆድ የወጣው ጩኸት ሰፈሩን ሰበሰበው። ሴቶቹ ማን ሞተ ሲሉ የጥሩሰውና የፀሐይቱ ለቅሶ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ እንደ ደንቡ አለቀስን።

ሰው ሲበተን እጇን ይዤ እኔ ቤት ነሽ አልኳት። እንቢ አላለችም።

«ዳነችልኝ ብለሽ እንዳትደሰቺ» አለችኝ መንገድ ላይ። «ሐሳቡ አልሄደም።»

«አይሂድ። ሲመጣብሽ ግን ንገሪኝ፤ ብቻሽን አትያዢው።»

ቤት ገብተን እሳቱን ሳላያይዝ ከጀርባዬ ድምጿን ሰማሁ።

«ባንችዬ፣ መጣ።»

እንጨቱን ጥዬ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።