የደፈረሰው መድኃኒት

ሐምዲያ ጣልያንን የምታምን ሴት አልነበረችም። ምን በወጣት! ደሴን በቦምብ ያነደደ፣ ከአይሮፕላን መርዝ የረጨ፣ ዛሬ ነጭ ካፖርት ለብሶ «ልጅሽን ላድናት» ሲላት እንዴት ትመነው? ግን አንድ ልጇ ዘይቱና በስኳር በሽታ ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ነፍስ የዘራባት ከኮምቦልቻው የጣልያን ሐኪም ቤት የሚሰጣት ኩልል ያለ ኢንሱሊን ነው። ሐምዲያ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጇን ጧትና ማታ ራሷ ትወጋታለች።

በ1930 ክረምት ግን የተሰጣት ብልቃጥ ደፍርሶ ነጭ ሆኖ አገኘችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አዲስ ነው፣ እትዬ ሐምዲያ» አላት ለሐኪሙ የሚያስተረጉመው የኩታበሩ ሰው ብሩ። «ጤነኛ ሰው ኢንሱሊኑን ቆሽቱ ውስጥ እንደ ጎተራ እህል ያስቀምጣል፤ ሲበላ ይለቀዋል። የዘይቱና ጎተራ ባዶ ነው። ይሄኛው ከቆዳዋ ሥር ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀቅላታል፤ በቀን አንዴ ይበቃታል። ብቻ በመዳፍዎ እያንከባለሉ ይቀላቅሉት።»

«እሺ» አለች። በሆዷ ግን «ወላሂ አልቀላቅልም!» ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። የደፈረሰ ውሃ ምን ይደረጋል? ይቀመጣል፣ ከላይ ጥሩው ይቀዳል፣ ዝቃጩ ይደፋል። ብልቃጡን መስኮት ላይ አቆመችው፤ ሲጠልል ከላይ ከላዩ እየሳበች ወጋቻት። መርዙን ከታች አስቀረሁት ብላ ደስ አላት።

ዘይቱና ግን ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች። ትሸናለች፣ ያስመልሳታል፤ ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ሐምዲያ ቆሽቷ አረረ። ልጇን በካሚዮን ጭና ኮምቦልቻ ወረደች፤ ብልቃጡንም ብሩ ፊት ደቀነችው።

«አላልኩም? መርዝ ነው! ዝቃጩን እንኳ አልነካሁም። ጥሩው ብቻ እንዲህ ካደረጋት፣ ዝቃጩማ ይገድላት ነበር!»

ብሩ ብልቃጡን አየና ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ መድኃኒቱ እኮ ዝቃጩ ነው። ሲወጓት የከረሙት ውሃ ነው።»

«ያ ረቢ! በገዛ እጄ?» እያለች ሐምዲያ ደረቷን ደቃች።

«አሁኑኑ ከተወጋች ትተርፋለች ይላል ሐኪሙ» አለ ብሩ። ሐኪሙ የድሮውን ኩልል ያለ ኢንሱሊን በመርፌ ስቦ ሰጥቶት ነበር። ብሩ ጎንበስ ሲል ዘይቱና ዓይኗን ገለጠች፤ ክንዷንም ሸሸገችው።

«አንተን አላምንህም» አለችው በደከመ ድምፅ። «እናቴ ትውጋኝ።»