ከእሷ የሚያንስ

ቀበቶው ጆሮ ግንዱን ሲያገኘው ተማሪው ሁለት እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ዘርግቶ ነበር። ፊቱን ትቶ ኮምፒውተሩን ነበር የከለለው።

"ሰው ሳንቃ ሲሸከም አንተ እዚህ ተጎልተህ ቁልፍ ትነካካለህ?" አሉ አባቱ። አናጺ ናቸው፤ ክንዳቸው ቀልድ አያውቅም።

"እስከ ስድስት ሰዓት መልመጃውን ካላስገባሁ ከትምህርቱ እባረራለሁ፣ አባዬ።"

ሁለት ጊዜ ደገሙለትና ቀበቶውን ጭኑ ላይ ወርውረው ወደ ግቢው ሥራቸው ተመለሱ። በዚህ ቤት ቀበቶውን የግድግዳው ሚስማር ላይ መልሶ የሚሰቅለው የተገረፈው ሰው ነው፤ ወግ ነው እንግዲህ።

ሰቅሎ፣ የከንፈሩን ደም በእጅጌው ጠርጎ ተቀመጠ። መልመጃው የቁጥሮችን ዝርዝር መደመር ነበር። ቋንቋው ፈንክሽናል የሚሉት ዓይነት ስለሆነ ሉፕ የሚሉት መደጋገሚያ የለውም፤ ፈንክሽን የሚባለው የትእዛዝ ክፍል የመጀመሪያውን ቁጥር ይይዝና የቀረውን፣ አንድ የጎደለውን ዝርዝር፣ ለራሱ መልሶ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ግን ባስኬደው ጊዜ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይሰበራል፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ይወጣል።

"ይኸው ደግሞ ቀላ" ብሎ ታናሽ ወንድሙ ከኋላው ሳቀ።

ተማሪው ዞሮ አፉን በቡጢ አለው። ታናሹ ደሙን እየተፋ ሲወጣ በሩ ላይ የቆመችውን የስድስት ዓመት እህታቸውን በእርግጫ ጣላት። አላለቀሰችም። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከእሷ የሚያንስ ማንም የለም። የራሷን ክንድ ነክሳ ያዘች።

ተማሪው ሮጦ ክንዷን ከጥርሷ አላቀቀ፤ ደምቷል።

"ምን ነካሽ? ራስሽን ትነክሻለሽ?"

"እና እኔ ማንን ልምታ?"

ጭኑ ላይ አስቀምጧት ኮዱን አየ። አንድ በአንድ እየቀነሰ ወርዶ ወርዶ ባዶ ለሚሆነው ዝርዝር ምንም አልጻፈለትም። "ባዶ ከሆነ ዜሮ" የሚል አንድ መስመር ጨመረ። ፕሮግራሙ ሳይሰበር ደመረ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው አስገባው፤ ደስ ግን አላለውም፣ አፈረ።

"አንተ!" አሉ አባቱ ከግቢው። "እስካሁን አልመጣህም? ቀበቶውን ይዘህ ውጣ!"

ታናሹ በር ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል።

"ያ ቡጢ አይገባህም ነበር" አለው ተማሪው። "ና፣ ክንዷን እጠብላት።"

ከዚያ ከአባቱ የመሣሪያ ሣጥን ጉጠት አንሥቶ ሚስማሩን ከግድግዳው ነቀለ። ቀበቶውን ቁም ሣጥኑ ጀርባ ጣለና ባዶ እጁን ወጣ።