መረቡ ሲመጣ ጨፌው ይዘጋል

"መኪናው መጣ!" የሚለውን ጩኸት የሰማሁት የዓሣ ሾርባዬን ሳማስል ነው። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጥዬ ሮጥኩ። እሳቱን እንኳ አልቀነስኩም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለው ሰው ሁሉ፣ ቀዛፊው፣ ዓሣ አጽጂው፣ ሾርባ ሊጠጣ የመጣው ደንበኛዬ ሳይቀር፣ ወደ ዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ግቢ ይሮጣል። ስንት ጊዜ የጠበቅነው መረብ ከአዲስ አበባ መጣ!

ለምን እንደዚያ እንደሮጥን ልንገራችሁ። የአዋሳ ሐይቅ ዓሣ እያለቀ ነበር። ድሮ የአንድ ቆሮሶ ዓሣ ጭራ ከሰሃኔ ተርፎ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን አንድ ሰው ለማጥገብ ትንንሾቹን መደርደር ነበረብኝ። ሐይቁ ምን አጠፋ? ያጠፋነው እኛ ነን። የማኅበሩ መረብ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትልቁንም ጨቅላውንም ጠራርጎ ያወጣል። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ የሚጠጉበት ጨፌ አለ፤ ሸምበቆ የከበበው፣ ጥልቀቱ ከወገብ የማያልፍ ውሃ። እነሱ ሲገቡ ጀልባዎቻችንም ተከትለዋቸው ይገባሉ።

ባሌ ኩማ ቤት ውስጥ "ከቤ፣ ጨው አቀብይኝ" ለማለት እንኳ ሦስቴ የሚያስብ ሰው ነው። እሱ ነው እንግዲህ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ "ጓዶች፣ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ዘንድሮ እየበላነው ነው። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መረብ ይታዘዝ፣ ጨፌውም በክረምት ይዘጋ" ያለው። ጭቅጭቁ ሌላ! በመጨረሻ ሊቀመንበራችን ጋሽ ኑሪ፣ ከቃለ ጉባኤ ውጭ በምንም የማያምኑት ሰውዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔውን አነበቡ፦ "መረቡ ሲመጣ ጨፌው ይዘጋል።" እጅ ወጣ፤ ተጨበጨበ።

እስከዚያው ግን ጨፌው ክፍት ነው። እኔም ጆሮዬን ለመኪና ድምፅ ሰጥቼ ከረምኩ። አሁን ሰኔ ተጋምሷል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ዓሦቹም እየገቡ ነው። ዘንድሮ ካልተዘጋ ለከርሞ የሚጠበስም የሚቀቀልም አይኖርም፤ ኩማ እንጀራ ፍለጋ ሌላ አገር ይሄዳል፣ እኔም ምድጃዬን አፈርሳለሁ። ሌላ ምን እናውቃለን?

ኩማ የሳጥኑን ክዳን በመዶሻ ፈለቀቀው። ከተደራረቡት ነጭ መረቦች አንዱን መዝዞ ሲያወጣ፣ ቀዳዳው ሰፊ! ማንንም ሳልጠብቅ እልልታዬን አቀለጥኩት። ኩማ ግን መረቡን እየዘረጋ ሲሄድ ፊቱ ተለወጠ። ቀዳዳው ሰፊ መሆኑስ ሰፊ ነው፣ ጡጫ ያሳልፋል። ከላይ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሸራ ተሰፍቶበታል። የኩማ የጀልባ ባልደረባ ታምሩ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ሰድዶ አንድ ድቡልቡል ነገር አወጣ። ኳስ ነው።

"ሰዎች፣ ይሄ እኮ የመረብ ኳስ መረብ ነው!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ መሃል ቆሜ እኔ ብቻ ደሜ ፈላ። ስናዝ "ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ" አልን እንጂ የዓሣ ነው ብለን አልተናገርንም። ለእኛ መረብ ማለት ያው አንድ ነገር ነው፤ ሐይቅ አይቶ ለማያውቅ የመጋዘን ሰው ደግሞ ሌላ ነው።

"በቃ፣ መረባችን አልመጣም። ጨፌው ክፍት ነው" አሉ ጋሽ ኑሪ። "ነገ ካድሬው ጓድ ጌታቸው ለመረቡ ምርቃት ይመጣሉ፤ ምን እንደምላቸው አላህ ይወቅ።"

ኩማ መረቡን አጣጥፎ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከጨፌው የወጣ ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። አንዷን ቆሮሶ አንስቼ ቢላዋዬን ሳሳርፍባት ከአፏ ጥቃቅን ዓሦች ዝርግፍ አሉ። ቆሮሶ ልጆቿን የምታሳድገው በአፏ ነው፤ ክፉ ነገር ስታይ ትከፍትላቸዋለች፣ እየተሽቀዳደሙ ይገባሉ። አፏ ግን ከመረብ አያስጥልም። ጠረጴዛው ላይ ሲፍጨረጨሩ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሰሃን አፈስኳቸውና እየተሳደብኩ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ማንን እንደምሰድብ አላውቅም።

ዳሩ ላይ እነታምሩ ሁለት እንጨት ውሃው ውስጥ ተክለው፣ ያንን የኳስ መረብ ወጥረው፣ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ኳስ ይለጋሉ! የመረቡ ታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ተነክሯል። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ከጨፌው የሚመለስ ጀልባ መጣና አፍንጫው መረቡ ውስጥ ተሰነቀረ።

"አንሱልን እንጂ!" ይላል ቀዛፊው። ወደፊት ቢል፣ ወደኋላ ቢል፣ እምቢ አለው።

ተንበርክኬ ሰሃኑን ቀስ ብዬ ውሃው ላይ ዘነበልኩ። ጨቅላዎቹ በመረቡ ቀዳዳ ሹልክ፣ ሹልክ እያሉ አለፉ። አንድ ደህና ቆሮሶም ከጀልባው ደንግጦ በዚያው አለፈ። ጀልባው ግን እዚያው ቆሟል።

"ኩማ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከተማው መሃል ፒያሳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "ኩማ! ዓሣው ያልፋል! ጀልባው አያልፍም!"

መልሱን አልጠበቅኩም። ሽርጤ ላይ ቅርፊት እንደተለጠፈ ማኅበሩ ግቢ ገባሁ። ጋሽ ኑሪ ከካድሬው ከጓድ ጌታቸው ጋር ተቀምጠው ላብ ላብ ብሏቸዋል።

"ጋሽ ኑሪ፣ ውሳኔው ምንድን ነው የሚለው?"

"መረቡ ሲመጣ ጨፌው ይዘጋል ነው የሚለው። ምን ሆነሻል አንቺ?"

"መረቡ መጥቷል ወይስ አልመጣም?"

"መምጣቱስ መጥቷል፣ ግን..."

"ውሳኔው ላይ 'ግን' የሚል አለ?"

ጋሽ ኑሪ አሰቡ። "የለም" አሉ።

"እንግዲያው ይዘጋ! በራሱ በመረቡ ይዘጋ!"

ከጋሽ ኑሪ ጢም ሥር ፈገግታ ብቅ ስትል አየኋት። ወደ ካድሬው ዞር አሉና፣ "ጓድ ጌታቸው፣ የጉባኤ ውሳኔ ነው፣ ልንጥሰው አንችልም" አሉ።

"ስለዚህ ምርቃት አለ ማለት ነው?" አለ ጓድ ጌታቸው።

"እንዴታ!"

ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! የጨፌው መግቢያ በግራና በቀኝ ባለው የሸምበቆ ጫካ መሃል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ካስማ ተተከለ፣ መረቡ ከመረብ ጋር ታሰረ፣ ግማሹ ሰው ይዘፍናል፣ ግማሹ ለክረምት ምን ልንበላ ነው እያለ ያጉረመርማል። "እኔም ፈርቻለሁ" አላቸው ኩማ ገመድ እየቋጠረ፣ "ግን የዘንድሮ ረሃብ ያልፋል።" ጓድ ጌታቸው ሱሪውን ጠቅልሎ የመጨረሻዋን ቋጠሮ አሰረ። አንድ መረብ ከነኳሱ ለቀበሌው ወጣቶች ይሁን ብሎ ወስዷል፤ ይውሰድ።

ክረምቱ ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ድስቴ ብዙ ቀን ተደፍቶ ዋለ። የዓሣው መረብም መስከረም ላይ ተገኘ፤ በስህተት ለአንድ የስፖርት ክበብ ተልኮ፣ ከመረቡ ማዶ ያለውን ኳስ እንዴት አድርገው እንደሚያዩት ግራ ገብቷቸው ከርመዋል አሉ።

ጥቅምት ላይ ጨፌው ተከፈተ፣ አዲሱ መረብም ከጨፌው ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣለ። እኔ ቢላዋዬን ይዤ ዳር ቆሜያለሁ። ኩማና ታምሩ ሲጎትቱ ጀልባው አጋደለ። ኩማ አንዲት ቆሮሶ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየሮጠ መጣ። እኔ ያገባሁት ሰው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

"ከቤ፣ እያት! እያት እንጂ!"

ጭራዋ ከጠረጴዛዬ ተርፎ ወጣ። ቢላዋውን ሳላነሳ በፊት፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ በአውራ ጣቴ አፏን ከፈትኩት።

ባዶ ነበር። ልጆቿን አሳድጋ ለቅቃቸዋለች።