አንድ ጡት የጠባን

ጀሚል መቅኔው ደም ማምረት አቁሟል ሲባል፣ ከሚሴ ላይ ያልተደናገጠ አልነበረም። ሐኪሙ ግን፣ «ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና አለ፤ ሕንድ ድረስ መሄድ ነው። አንድ እናትና አባት የወለዱት ወንድም ወይም እህት ከመቅኔው ይሰጠዋል» አለን። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጀሚል መንታ ነዋ! መንታውም እኔ ሰዓዲያ ነኝ።

የቅሬው ሰዎች ለቀብር ሲያዋጡ የኖሩ፣ ያኔ ለሕይወት አዋጡ። አባቴ ሙሄ ጥንድ በሬዎቹን ጨፋ ሮቢት ገበያ ነድቶ ሸጣቸው። እኔም ጉራዬ አይጣል ነበር። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ሸምሱ የሚባል ከሰንበቴ ከተማ የሚመጣ ግመል ነጋዴ በራፋችን ላይ ቆመ። ከልጅነታችን ጀምሮ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ለጀሚል ከረሜላ የሚሰጥ፣ ጤናውን የሚጠይቅ ሰው ነው። የአባቴ ደንበኛ ይመስለኝ ነበር።

«ሰዓዲያ፣ የሚሰጠው ሰው ይፈለጋል አሉ?» አለኝ።

«መንታው እያለሁለት? አንተ ግመልህን ጠብቅ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ትንሽ ቆሞ፣ «አላህ ያሽረው» ብሎ ሄደ።

ዴልሂ እንደገባን ደሜን ወሰዱ። ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ አስተርጓሚውን አስከትላ መጣች። አስተርጓሚው ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም።

«ሁለቱ እህትና ወንድም አይደሉም ትላለች።»

«ማሽናችሁ ተበላሽቷል በላት» አልኩት። አባቴ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ጡት ነው የጠቡት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሱ በቀኝ እሷ በግራ። በሸሪዓው እንኳ እህትና ወንድም ናቸው። ወተቱ ደም አይሆንም እንዴ?»

አስተርጓሚው ጠየቃት። ሐኪሟ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አባ፣ ታዲያ ማን ነው የወለደው?» አልኩ።

«ኢልመ ኮ። ልጄ ነው» አለኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ዝም አለ። የጀሚል እናት በወሊድ ስትሞት፣ እኔን ገና የወለደችው እናቴ እንድታጠባው በጉዲፈቻ የተቀበለው ጊዜ፣ ከአብራኬ ልጅ አልለየውም፣ የሌላ ነውም አልልም ብሎ በሽማግሌ ፊት ምሎ ኖሯል፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በእነዚያ ቀናት አባቴን ጠላሁት። ጀሚል ግን ድዱ እየደማ፣ «ተይው፣ አትጩሂበት። አባትነቱን የቀሙት መስሎት ነው» ይለኝ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የጀሚል የአፍንጫ ደም አልቆም አለ። አባቴ አልጋው ሥር ተንበርክኮ መሐላውን አፈረሰ።

«ሸምሱ። የሰንበቴው ሸምሱ ታላቅ ወንድሙ ነው።»

ከሰንበቴ ከሚሴ የሚኒባስ መንገድ ነው። እኛ ባሕር ተሻግረን ነበር። ያን ቀን ደወልንለት፤ «ምን ላድርግ ብቻ በሉኝ» አለ። ፓስፖርት ለማውጣት አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተጉላላ። ጀሚል ሁለቱን ሳምንት ብቻ ጠበቀው።

እዚያው ዴልሂ ቀበርነው፤ ሬሳውን ለመመለስ አቅም አልነበረንም። ከሚሴ ስንመለስ ሸምሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አባቴ ሊነሳለት ወገቡን አቀና። ሸምሱ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከኪሱ ፓስፖርቱን አወጣ። አንድም ማኅተም ያልነካው አዲስ ነበር።

«ያን ቀን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛም ልጁን ስንሰጥ ምለናል፤ የኛ ነው ላንል። ቢሆንም ልነግርሽ ነበር። መንታው አለሁለት ስትይኝ ደስታሽን አየሁና ማፍረስ ከበደኝ።»

አባቴን አሥራ ሁለት ቀን ጠልቼዋለሁ። ሸምሱን ከበራፌ በሳቅ የመለስኩት ግን እኔ ነኝ።