ባዶው ሩብ ሰዓት

«አነበብኩት፣ ካካ። የሞተው የማላውቀው ሰው ነው፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን» አለች ቢኒታ፤ ወረቀቱንም በጣቷ ጫፍ ከተቀመጠችበት ገለባ ላይ ወደ አጎቷ ገፋችው።

አጎቷ ቶያናት ከገለባው ዳር እንደቆመ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ለሟች የተቀመጠን ሰው ማንም አይነካም። ቢኒታ መርፌ ያልነካው ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ጨው የሌለው ሩዟን ራሷ ቀቅላ በቀን አንዴ እየበላች፣ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወርዳ ለሟች እህቷ ውሃ ከማፍሰስ በቀር ከዚያ ጥግ አልወጣችም። መጀመሪያ «የአጎቷ ልጅ ይቀመጥ፣ ወንድ ነው» ተብሎ ነበር። እሷ ግን «በሕይወት ሳለች ሰላም ያላላት ሰው አሁን ውሃ ሊያጠጣት ነው?» ብላ ነጩን ጨርቅ ከካህኑ እጅ ቀድማ ወሰደችው።

«ምላስሽን ለሀዘኑ ብለሽ እንኳ አታሳርፊውም?» አለ ቶያናት።

«ሀዘኑ የከለከለኝ ጨው ነው፣ ካካ። ምላስ አልከለከለኝም።»

ሙዝና ቅቤ ይዘው በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ጎረቤቶች ሁሉ በአንዴ ሳል ያዛቸው። በሀዘን ቤት ሳቅ ነውር ነው፤ ሳል ግን ማንም አይከለክልም።

ወረቀቱ የሀዘን ማስታወቂያ ነው። በቢርታሞድ ሰው ሲሞት የከተማው ሬዲዮ ያነበዋል፤ ያልተነበበለት ሟች በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም። ቶያናት ጽፎ ያመጣው «የተወደደው ልጃችን» ብሎ ይጀምርና በአንድ የወንድ ስም ይቀጥላል። ያ ስም እዚህ አይጻፍም። የስሙ ባለቤት አውልቃ የጣለችውን ልብስ አንስተን አናለብሳትም።

ሟቿ ጁኔሊ ናት። ስትወለድ ወንድ ብለው ተቀበሏት፤ ሴት መሆኗን እስኪሰሙ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ አንዳንዶቹ፣ እንደ ቶያናት ያሉት፣ እስክትሞትም አልሰሙ። ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ስትገባ ለነርሶቹ እየዘፈነች ነበር የገባችው። አልተመለሰችም።

«ማስታወቂያው ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይነበባል» አለ ቶያናት። «ያ የዘፈን ፕሮግራማችሁ በሚጀምርበት ሰዓት። ከጣቢያው ኃላፊ ከኬሻብ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ዘፈን የለም፤ ሀዘን ነው።»

«የሷ ሰዓት ነው!»

«የጣቢያው ሰዓት ነው። ኬሻብ የሚሰማው ደግሞ የቤቱን ባለቤት ነው፣ እናትሽን። እሷ ካልተቃወመች አንቺ ማን ነሽ?»

ሁሉም ወደ ቲርታ ዞሩ። እናትየው ጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጠጠር ታወጣለች፣ ትጥላለች፤ ታወጣለች፣ ትጥላለች። ሬሳው ከወጣበት ቀን ጀምሮ «ልጄ» ከማለት ሌላ ስም ከአፏ አልወጣም፤ ያኛውም፣ ይኼኛውም። አሁንም ቀና አላለችም። ቶያናት ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

*

ባዶው ሩብ ሰዓት የተወለደው ከስህተት ነው።

ቢርታሞድ ኔፓል ነው፣ ሜዳው ላይ፤ ካሊምፖንግ ሕንድ ነው፣ ተራራው ላይ። በመካከላቸው የሜቺ ወንዝ አለ። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሰዓቱ ይለያያል፤ የኔፓል ሰዓት የሕንድን በሩብ ይቀድማል። ድንበር ላይ ያደገ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ስለሚጠባው ማንም አያነሳውም። ከጁኔሊ ጋር የሬዲዮ ፕሮግራም የጠነሰሰው ኖርደን ከካሊምፖንግ «አንድ ሰዓት ላይ እንጀምር» አለ፤ ጁኔሊም «አንድ ሰዓት ላይ» አለች፤ ስልኩን ዘጉ። ሁለቱም ድንበር ላይ ያደጉ፣ ሁለቱም ብልጥ ነን ባዮች!

ዕቅዳቸው ትልቅ ነበር። ማንም የማያጫውታቸውን ዘፋኞች ከሁለቱም ዳር እየሰበሰቡ ሊያሰሙ ነው፤ ገና ጀማሪዎቹን፣ ወንድ ሆነው ለወንድ የሚዘፍኑትን፣ ሴት ሆነው ለሴት የሚያንጎራጉሩትን፣ እንደ ጁኔሊም በሰው አፍ ሌላ፣ በራሳቸው ልብ ሌላ ሆነው የኖሩትን። የፕሮግራሙ ስም «ሁለት ዳር» ተባለ።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ቀይ መብራቱ በራ። ከካሊምፖንግ ትንፍሽ የለም። ጁኔሊ መስመሩ አልተገናኘም፣ ገና ሙከራ ላይ ነን ብላ አሰበች። ድምፅ የምትቆጣጠረው ቢኒታ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና «አየር ላይ ነሽ! አየር ላይ ነሽ!» እያለች እጇን አወናጨፈች። ጁኔሊ ግን የድምፅ መጠን ለመለካት ተናገሪ ያለቻት መሰላት።

«እሺ፣ ሰሚ ከሌለ እንግዲህ እውነቱን እናውራ» አለች እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቅላ። «ስሜ ጁኔሊ ነው። ጨረቃ የደመቀችበት ሌሊት ማለት ነው፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ መቼም ቆንጆ ስም ለራስ አይሰሰትም። ሴት ነኝ። አጎቴ ይህን ቢሰማ ጥርሱን ይውጣል፤ ግማሹ ሰው ሠራሽ ስለሆነ አይጎዳውም...»

እንዲህ እያለች ሩብ ሰዓት ሙሉ ቀጠለች። ከዚያ ኖርደን በራሱ ሰዓት፣ ዝንፍ ሳይል፣ «ሰላም ቢርታሞድ! ሰው አለ?» ብሎ ገባ። ያን ጊዜ ሰው ነበረ። ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሪክሾ ተራው፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ገበያ ሁሉ ሲሰማ ነበር።

በማግስቱ የጣቢያው በር ላይ ድንጋይ ተወረወረ። በዚያው ቀን ግን አንድ ሰው በስልኩ ቀድቶ የመጀመሪያውን ዘፈን ላከ። ኖርደን «ሰዓቱን እንዳታስተካክሉት!» አለ፤ አላስተካከሉትምም። ካሊምፖንግ እስኪገባ ያለው ሩብ ሰዓት የጁኔሊ ሆኖ ቀረ፤ ሰዉም «ባዶው ሩብ» አለው።

ያ የመጀመሪያው ፕሮግራም በተላለፈበት ማታ ጁኔሊ ቤት ስትገባ እናቷ ዝንጅብል አፍልታ አስቀመጠችላት፣ ለጉሮሮ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ያ ዝንጅብል ቀርቶ አያውቅም። ለምን እንደሚፈላ ግን በዚያ ቤት ተጠይቆም፣ ተነግሮም አያውቅም።

*

እንግዶቹ ድልድዩን እየተሻገሩ መጡ። ከሲሊጉሪ የመጡት የጁኔሊ ጓደኞች ቁመታቸው እንደ ባህር ዛፍ፣ ሳሪያቸው ለሀዘን የነጣ፣ ከንፈራቸው ግን ያልነጣ ነበር።

«ቻሜሊ፣ ቀለም ተቀብተሽ ሀዘን ቤት?» አለች ቢኒታ።

«ሳልቀባ ብመጣ ጁኔሊ ከሰማይ ወርዳ ትቀባኝ ነበር፤ ምን አደከማት ብዬ ነው።»

ጎረቤቶቹን እንደገና ሳል ያዛቸው። አጥር የምትጋራቸው ሙና ግን ወደ ቻሜሊ ጠጋ ብላ «ያቺ ድምፀ ወፍራሟ አንቺ ነሽ? የዘፈንሽ ጊዜ ምጣዱ ላይ ድንች አቃጥያለሁ» ብላ አንሾካሾከች።

ሐሙስ ዕለት ከኢላም ተራራ አንዲት ሴት ወረደች። ፉልማያ ትባላለች፤ ሻይ ቅጠል ለቃሚ ናት፤ ጣቷ ጠቁሯል፤ ዕድሜዋ ከጁኔሊ ይልቅ ለጁኔሊ እናት ይቀርባል። ዓርብ የመጀመሪያ ዘፈኗ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶላት ነበር።

«ለቅሶ ነው የመጣሁት፤ ስለ ዘፈኑ አይደለም» አለች ከገለባው ራቅ ብላ እየተቀመጠች። «ዘፈኑ ይቅር። ሃያ ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረ ነገር ነው፤ ይኑር።»

«አይቀርም» አለች ቢኒታ። «እህቴ የመጀመሪያ ዘፈን ቀጠሮ ሰርዛ አታውቅም።» ይህን ስትል ድምፏ ጠንከር ያለ ነበር፤ ግን የቶያናት ወረቀት ቢነበብ ዘፈኑን ምን እንደሚያወጣው አታውቅም።

ቲርታ ምስሯን አስቀመጠች። «ለማን ነው የዘፈንሽው?» አለች። ከሀዘኑ ወዲህ ለእንግዳ የጠየቀችው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው።

ፉልማያ መሬት መሬት አየች፤ እንደ ታላቅ እህትም «ዲዲ» አለቻት። «ከፊት ለፊቴ ባለው ረድፍ ለምትለቅም ሴት ነው፣ ዲዲ። አሁንም እዚያው ናት። አትክልቱ ውስጥ አብረን ነው ያረጀነው።»

«ታውቃለች?»

«ዓርብ ታውቅ ነበር።»

ቲርታ ተነስታ ዝንጅብል አፈላችላት።

ማምሻውን ኖርደን ደወለ። ቢኒታ ስልኩን ገለባው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«በእናንተ ዘንድ ሀዘንተኛን እንዴት ነሽ አይሉም፣ አይደል?»

«አይሉም።»

«እሺ። እንዴት ነሽ?»

ቢኒታ ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው መሃል ላይ ተሰበረ። «ያንን ወረቀት ሊያነቡት ነው፣ ኖርደን። በሷ ሩብ ሰዓት። ሁለት አገር እየሰማ በዚያ ስም ሊቀብሯት ነው። ከዚያ ዘፈንም የለም ብለዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ታስሬያለሁ።»

«እኔ ሰዓቴ ሲደርስ መስመሩ ላይ እገኛለሁ፤ የፉልማያም ዘፈን በእጄ ነው። ኬሻብ ከከፈተልኝ ይወጣል፤ ካልከፈተልኝ ዝምታውን ይዤ እጠብቃለሁ። ሩቡን ግን አልነካም። ወላጆቼ ከቤት ሲያባርሩኝ እኔን የተቀበለኝ እሱ ሩብ ሰዓት ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ቢኒታ ቀና አለች። እናቷ ጓዳው ደፍ ላይ አልነበረችም። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል፤ ጫማዋም ከቦታው የለም።

*

ዓርብ መሸ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሀዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፤ ጎረቤትም ለክብር ሲል የራሱን ዝቅ ያደርጋል። መንደሩ ሁሉ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ፣ በእንጥልጥል ተቀምጧል። ቶያናት ታጥቦ፣ ንጹህ ኮፍያውን ደፍቶ መጥቷል። ቻሜሊና ፉልማያ በረንዳው ላይ ናቸው። ቢኒታ ጥጓ ውስጥ ሆና ጉልበቷን አቅፋለች። ክፉውን ስም ባትሰማውም መነበቡን ማወቁ ይበቃታል።

ከአጥሩ ግንብ ወዲያ፣ ከሙና ቤት፣ እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። የኬሻብ ድምፅ ነው። ሀዘን ማስታወቂያ ሲያነብ የሚጠቀምበት ወፍራም ድምፅ። ቃሉ ግን አይለይም።

ቲርታ ከጓዳው ደፍ ተነሳች። ግቢውን አቋርጣ ግንቡን በመዳፏ ደበደበች።

«ሙና! ሬዲዮሽን ጨምሪው!»

«ኧረ ዲዲ፣ ሀዘን ቤት ነው ብለን እኮ ነው...»

«ጨምሪው አልኩሽ! የጁኔሊን ስም ልስማ!»

በረንዳው ላይ ማንም አልሳለም። ቢኒታ ያ ስም ከእናቷ አፍ ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ግንቡን ጥሶ ገባ።

«...ከእናቷ ከቲርታ የተላከ ነው። እንዲህ ይላል፦ ልጄ ጁኔሊ አረፈች። በዚህ ሰዓት ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነግራችሁ እኔ ምስር እየለቀምኩ እሰማ ነበር። ከሁለቱም አገር ቀድሜ ድምፅዋን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ልጄን ያወቃችኋት ግን እናንተ ናችሁ። ያለቀሳችሁላት ሁሉ ዘመዶቼ ናችሁ። ቀጠሮዋ አይሰረዝም። የምትዘፍን ትዝፈን።»

ቶያናት ደረት ኪሱን ዳሰሰ። ወረቀቱ እዚያው ነው። «ቲርታ!» አለ ድምፁ ተሰባብሮ። «ይሄ ሀዘን ቤት ነው! ሬዲዮ ይከፈታል?»

«እኔ ምን ከፈትኩ?» አለች ቲርታ ሳትዞር። «ሬዲዮው የሙና ነው።»

ከሙና ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ጮኸ፤ ከዚያ የሻይ ቤቱ። ኬሻብ ዝም ካለ በኋላ ማንም ያልሞላው ጸጥታ ቀረ፤ የጁኔሊ ሩብ። መንደሩም፣ ከወንዙ ወዲያ ያለውም፣ አብሮ ጠበቀው። ከዚያ ኖርደን፣ በራሱ ሰዓት፣ ዝንፍ ሳይል፦

«ሰላም ቢርታሞድ። ሰው አለ?»

«አለ!» አለች ቻሜሊ ወደ ሰማይ።

ከበሮ ተመታ። የፉልማያ ድምፅ ሻካራ ነበር፤ እንደ ጣቷ። *ከፊት ረድፍ ያለሽ፣ ቅርጫትሽ ሲሞላ እኔ እጎድላለሁ።* ባለዘፈኗ በረንዳው ላይ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ሙና ከግንቡ ወዲያ እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሀዘን መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች።

ቲርታ ወደ ገለባው ዳር መጣች። ልጇን ማቀፍ አትችልም፤ ሥርዓቱ እስኪያበቃ መንካት የለም። ቢኒታም እጇን መዘርጋት አትችልም። የቢኒታ ጥግ ግን ከሙና ጋር በሚጋሩት ግንብ ላይ ነው የተደገፈው። ቲርታ ከገለባው ሳትገባ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳረፈች። ቢኒታ አየቻት፤ እሷም ከወዲህ፣ ከእናቷ እጅ ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ የራሷን አሳረፈች።

ከበሮው ግንቡ ውስጥ ይመታል። ሁለቱም መዳፋቸውን አላነሱም።