እግዜር ይስጥህ

ቃስያ ወደ ወህኒው መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል ይዛ መጣች፤ «እርስዎ»። በእንግሊዝ ንጉሥ ቅኝ ግዛት፣ በካሮላይና ጫካ ጠርዝ የሰፈሩት የእሷ ሃይማኖት ሰዎች፣ «ወዳጆች» የሚባሉት፣ ንጉሥንም ለማኝንም «አንተ» ነው የሚሉት። በእግዜር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው። ለማንም ባርኔጣ አያወልቁም፤ መሐላ አይምሉም፤ ጠመንጃም አያነሱም።

ባሏ ሄኖስ ግን አነሳ። ለገዢው ቤተ መንግሥት ማሠሪያ የከፈሉትን ግብር ቀራጩ አልከፈላችሁም ብሎ ባዝራቸውን ከማረሻው ፈትቶ ወሰደ። አቤት ቢሉ ዳኛው የቀራጩ አማች ነው። ያን ጊዜ ሄኖስ ካመፁት ሰፋሪዎች ጋር ወጣ። የገዢው ጦር በመድፍ በተናቸው፤ ሄኖስም ተማርኮ ታሰረ፤ ወዳጆቹም ጠመንጃ አንስቷል ብለው አወገዙት።

«ለንጉሡ የማለ ይማራል ብለዋል። ማል» አለችው በወህኒው ፍርግርግ።

«ቃስዬ፣ አልችልም።»

«ጠመንጃ ስታነሳ ያልፈራኸውን አምላክ ዛሬ ፈራኸው?»

«ያኔ በንዴት ነው። ይሄ ግን እያወቅሁ ነው።»

«እንግዲያው እውቀትህ መጥቶ ይረስልኝ! በቆሎውን በእጄ እየቆፈርሁ ነው የዘራሁት።»

ሄኖስ አቀረቀረ። «እሺ፣ እምላለሁ።»

«ዳኛውን ደግሞ እርስዎ በለው። እስቲ በል።»

«እር... ስዎ» አለና ሳቀ። «ቃሉ ራሱ ባርኔጣውን ያወልቃል እኮ!»

ሄኖስ ችሎት ፊት ቆመ። እጁን አንስቶ ማለ። አንድ ቃል አልተሳሳተም። ቃስያ እፎይ አለች።

«ንጉሡ ምሮሃል» አለ ዳኛው።

የሄኖስ ዓይን እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥህ!» አለ፣ ከልቡ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የዳኛው ፊት ቀላ። «ምን አልከኝ?»

ቃስያ በከንፈሯ ብቻ «እርስዎ፣ እርስዎ» አለች። ሄኖስ እሷን ሲያይ ጭራሽ ግራ ገባው።

«አንተን... አንተን እግዜር ይስጥህ ነው ያልኩህ።»

«መሐላውም እንዲሁ ፌዝ ነው» አለ ዳኛው። «ይሰቀል።»

በማግስቱ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ቃስያ ሰቃዩን ለመነችው። «ጌታዬ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ሬሳውን ይስጡኝ።» ቃሉ ሳይደናቀፍ ወጣላት።

የወዳጆቹ መቃብር አልተቀበለውም። ጠመንጃ ማንሳቱ ሳያንስ ምሏል። በቆሎው መሐል፣ እንደዘራችው፣ በእጇ ቆፍራ ቀበረችው።