ሶፍትዌሩ ያላወቃት ሲስተር

ተመራማሪዋ ከዩኒቨርሲቲው የተላከላትን የምዘና ወረቀት ስታየው ደሟ ፈላ። «በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰችው፦ አሥራ አንድ ጊዜ። የምርምር አጋሮች፦ ዜሮ።» ዜሮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የሠራችው?

ሥራዋ የኮምፒውተርና የማሽን ስክሪኖች ለሰው እንዲመቹ ማጥናት ነው። ትልቁ ጥናቷ የመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ማሽን ላይ ነበር። «ጨምር» እና «አቁም» የሚሉት ቁልፎች በጣም ተጠጋግተው እጅ ያሳስቱ ነበር፤ በዚህም ሰው ሞቷል። ይህን ያስተዋለችው ሃያ ዓመት በነርስነት የኖረችው ሲስተር ናት። ከሥራ ስትወጣ፣ እግሯ እንዳበጠ፣ ላቦራቶሪው እየመጣች ከተመራማሪዋ ጋር ቁልፍ ሲጫኑና ሲመዘግቡ ያመሹ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ በሁለቱም ስም ወጣ፤ የሲስተርም ስም ቀደመ።

የመምህራኑን ምርምር እየቆጠረ የሚመዝነውን ክፍል ኃላፊ መምህራኑ እሱ በሌለበት «ሚዛን» ይሉታል። በሩን ሳታንኳኳ ገባችበት።

«ሲስተርን የት አደረሳችኋት?»

«ሶፍትዌሩ አላወቃትም፣ እህቴ። ሌላ ጽሑፍ የላት፣ ዲግሪ የላት። ስህተት መስሎት አወጣት።»

«ስህተቱን ያገኘችው እኮ እሷ ናት!»

«ተረጋጊ እንጂ። የጠቀሰሽም ሰው ትንሽ ነው።»

«አምራቾቹ ቁልፎቹን አራራቁ፣ ነገሩ አለቀ! ያለቀ ነገር ማን ይጠቅሳል? ሰው መሞቱን ሲያቆም ነጥብ ይቀነሳል?»

ሚዛን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያናድዳል።

«ለአንቺው ብዬ ነው። ሊታተም ባለው ጽሑፍሽ ላይ በሲስተር ቦታ የዲኑን ስም አስገቢ። እሱ ከስንቱ ጋር ጽፏል፤ የእሱ አጋሮች ለአንቺም ይቆጠሩልሻል! እሷን ምስጋናው ላይ ጣል አድርጊያት። ማለፊያው አሥር አጋር ነው። ከወደቅሽ ላቦራቶሪው ለሌላ ይሰጣል።»

ዲኑ! የላቦራቶሪው በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ እንኳ የማያውቅ ሰው!

ቢሮዋ ገብታ ሲስተር ጋ ደወለች፤ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ አውጪኛ!» አለች ሲስተር። «ለእኔ ስም ምን ያደርግልኛል? ላቦራቶሪው ከሚቀር።»

ተመራማሪዋ ላቦራቶሪውን ትፈልገዋለች፤ ሌላ ቦታም የላትም። ግን ይህች ሴት፣ በሰው ፊት እንደ ቆሻሻ ተጠርጋ፣ ጭራሽ እሷ ታጽናናት?

ስልኩን ሳትዘጋ ላቦራቶሪውን ይዛ ለመቆየት የምትሞላውን የማመልከቻ ቅጽ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። «አጋሮች» ከሚለው ሳጥን ውስጥ የሲስተርን ስም ጻፈች። ሳጥኑ ቀላ፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ተማሪዋ እንዲህ ያለ ቅጽ ሠርቶ ቢያመጣላት ፊቱ ላይ ነበር የምትወረውርለት። ስሙን አጥፍታ «1» ጻፈች።

«ከማለፊያው በታች ነዎት። ይላክ?» አለ ስክሪኑ።

ላከችው።

«ምን አደረግሽ?» አለች ሲስተር በስልኩ።

«ቆጠርኩሽ» አለቻትና ዕቃዋን የምትሸክፍበት ካርቶን ፍለጋ ተነሣች።